ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ አንድ ሆኖ የጉዞው ሰዓት ለምን ይለያያል?

በጥር 2018 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ የአዲሱ ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ በይፋ መጀመሩ ከተገለጸ ወዲህ፣ ወደ አሜሪካ የሚደረገው በረራ «ከእንግዲህ መሐል ላይ ሳያርፍ ይሄዳል» የሚል ወሬ በሰፊው ይሰማል። በጎጃም ይህ ወሬ ተራ ጉጉት አይደለም። ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላም ሆነ ከሞጣ ልጆቹን ወደ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የላከ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ወላጅ ሊጠይቅ ይሄዳል፣ ልጅ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ይመጣል፣ በሁለቱም ወገን ሰዓት የሚቆጥር ሰው አለ።

ግራ መጋባቱም የሚጀምረው ከዚሁ ቆጠራ ነው። ርቀት የሚያሰላ የኢንተርኔት ገጽ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 13 ሰዓት ያህል ነው ይላል። የጉዞ ወኪሉ ደግሞ ሲሄዱ 17 ሰዓት ገደማ፣ ሲመለሱ 13 ሰዓት ገደማ መሆኑን ይናገራል። ቲኬቱ ላይ የመነሻውና የመድረሻው ሰዓት ሲቀናነስ የመሄጃው ጉዞ 10 ሰዓት ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሦስቱም ቁጥሮች ስሕተት የለባቸውም፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ርቀትን የሚወስነው የምድር ቅርጽ ነው። ጊዜን የሚወስኑት የመነሻው ቦታ ከፍታ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የአገሮች ሰማይ ክፍት ወይም ዝግ መሆንና የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ናቸው።

ቀጥታው መስመር የሚያልፈው በየት ነው?

በሁለት ኤርፖርቶች መካከል ያለው የአየር ርቀት የሚለካው በምድር ገጽ ላይ ሊሠመር በሚችለው አጭሩ መስመር ነው። የአቪዬሽን ባለሙያዎች ይህን መስመር «ታላቁ ክብ» ይሉታል፤ መስመሩ እስከ መጨረሻው ቢቀጥል ምድርን ለሁለት እኩል የሚከፍል ክብ ስለሚሆን ነው። በዚህ መለኪያ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ያለው ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ካርታ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ያገናኘ ሰው መስመሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየተጋደመ ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን ሲወጣ ያገኘዋል። እውነተኛው አጭር መስመር ግን እንደዚያ አይደለም። በክብ ቅል ላይ ሁለት ነጥቦችን በክር ወጥሮ ያየ ሰው ክሩ የት እንደሚያልፍ ይገባዋል፦ ከቦሌ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል፣ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይወጣል፣ ከዋሽንግተን ይልቅ ወደ ሰሜን ርቆ ከሄደ በኋላም ተመልሶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። በካርታ ላይ ደጋን የሚመስለው ይህ መስመር ነው ቀጥታው። «አዙረው ወሰዱን» የሚለው የተለመደ ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ጠፍጣፋ ካርታ ክብ ምድርን በትክክል ሊያሳይ ካለመቻሉ ነው።

ለጎጃም አንባቢ ከዚህ የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። ይህ መስመር ከቦሌ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ዓባይን ተሻግሮ በቡሬና በእንጅባራ አካባቢ ያልፋል። ማለትም ከምዕራብ ጎጃም ወይም ከአዊ ተነስቶ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከመድረሻው በተቃራኒ ይጓዛል፤ ከዚያ በኋላ፣ ቢያንስ በስሌት፣ በትውልድ መንደሩ ላይ ተመልሶ ይበርራል።

ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ይልቅ ለዋሽንግተን ትቀርባለች

ይህ እንግዳ ቢመስልም ስሌቱ ግልጽ ነው። ከባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት እስከ ዋሽንግተን ያለው አጭሩ ርቀት 11,240 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከቦሌው በ320 ኪሎ ሜትር ያህል ያንሳል። ከባሕር ዳር ቦሌ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ በኩል የሚሄደው መንገደኛ በድምሩ 11,890 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም ከቀጥታው 650 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ታዲያ ከባሕር ዳር በቀጥታ ለምን አይበረርም? በከፍታ ረገድ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከቦሌ የተሻለች ናት፣ መንደርደሪያዋም 3,000 ሜትር ይረዝማል። ምክንያቱ በዋናነት የመንገደኛ ቁጥር ነው። ውቅያኖስ የሚሻገር ትልቅ አውሮፕላን ወደ 300 የሚጠጉ ወንበሮች አሉት፤ እነዚህን በየቀኑ የሚሞላው የአንድ ከተማ ሕዝብ ሳይሆን ከናይሮቢ፣ ከኪጋሊ፣ ከሐራሬ፣ ከመቀሌ፣ ከጅማና ከባሕር ዳር ተሰብስቦ በአንድ ሌሊት ቦሌ ላይ የሚገናኝ መንገደኛ ነው። ይህ አሠራር በአቪዬሽን ቋንቋ «ሃብ» ይባላል፤ በየአቅጣጫው የሚመጡ በረራዎች የሚገናኙበትና የሚለዋወጡበት ማዕከል ማለት ነው። ለመንገደኛው የ650 ኪሎ ሜትር ትርፍ መንገድ ያስከትላል፣ ነገር ግን ያለ ማዕከሉ በረራው ራሱ አይኖርም ነበር።

ከባሕር ዳር ቦሌ ያለው አጭር በረራ ርቀትና ጊዜ ምን ያህል እንደሚለያዩም ያሳያል። በመስመሩ ላይ የሚሠራው ባለ ሽክርክሪት አውሮፕላን፣ ማለትም ኪው 400፣ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል፤ በዚህ ፍጥነት 330 ኪሎ ሜትር የግማሽ ሰዓት ጉዞ ነው። ቲኬቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። ልዩነቱ የሚመጣው ቲኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ «ብሎክ ታይም» ስለሆነ ነው፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከሚንቀሳቀስበት ደቂቃ አንስቶ በመድረሻው ቆሞ ሞተሩን እስከሚያጠፋበት ድረስ ያለውን ሁሉ ይቆጥራል። ወደ መንደርደሪያው መሄድ፣ ተራ መጠበቅ፣ ከፍታ መያዝና ዝቅ ማለት ለ330 ኪሎ ሜትርም ለ11,560 ኪሎ ሜትርም በግምት ተመሳሳይ ደቂቃ ይወስዳሉ። ስለዚህ ከዋሽንግተን የሚመለሰው በረራ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 890 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን የባሕር ዳሩ ግን 330 ብቻ ይሆናል።

ይህም ሆኖ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነውና ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ ከሚወጣው የመኪና መንገድ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ፣ የውጭ አገር በረራ የያዘ ሰው የሚቆጥረው ርቀቱን ሳይሆን መንገዱ የመከፈቱን ነገር ሆኗል። ይህ ችግር በምንም የአቪዬሽን ስሌት ውስጥ አይገባም፤ በብዙ ቤተሰብ ዕቅድ ውስጥ ግን የመጀመሪያውን ቦታ ይዟል።

ሲሄዱ የሚታረፈው፣ ሲመለሱ የማይታረፈው

የክርክሩ እምብርት ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊን ወይም የቶጎዋ ሎሜ ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ቆይቷል፤ ከዋሽንግተን የሚመለሰው ግን ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። አውሮፕላኑ ያው ነው፣ ርቀቱም ያው ነው።

አንዳንዶች ነገሩን «አየር መንገዱ ተጨማሪ መንገደኛ ለመጫን የሚያደርገው ነው» በማለት ያስረዱታል። ሌሎች ደግሞ አውሮፕላኖቹ የዚህን ያህል መብረር አይችሉም ብለው ያስባሉ። ሁለተኛው ግምት ትክክል አይደለም፤ ድሪምላይነር በሚል ስም የሚታወቀው ቦይንግ 787ም ሆነ ኤርባስ ኤ350 በአምራቾቻቸው መግለጫ መሠረት ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላሉ። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚሠራው አውሮፕላኑ ሙሉ ክብደቱን ይዞ መነሳት ሲችል ነው፤ ከቦሌ ደግሞ ያን ማድረግ ይከብዳል።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በባሕር ጠረፍ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ቦሌ ላይ ግን አንድ ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። አየሩ በአምስተኛ እጅ ያህል ሳስቷል ማለት ነው። የአውሮፕላን ክንፍ ክብደት የሚያነሳው በሥሩና በላዩ በሚያልፈው አየር በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በ12 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ በባሕር ጠረፍ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ላይ ከመሬት የሚለቅ አውሮፕላን ቦሌ ላይ ከ300 በላይ መድረስ አለበት። ሞተሩም የሚኖረው በአየር ነውና ግፊቱ ይቀንሳል። በአነስተኛ ግፊት ለበለጠ ፍጥነት መንደርደር ረጅም ሜዳ ይጠይቃል፤ ጎማዎችም ሊሽከረከሩ የሚችሉበት የፍጥነት ወሰን አላቸው፣ መነሳቱ በመጨረሻው ቅጽበት ቢሰረዝ ፍሬኑ ይህን ሁሉ ክብደት ማቆም መቻል አለበት። ቀን ፀሐይ ሲበረታ አየሩ የበለጠ ይሳሳል፤ ረጅም በረራዎች ከቦሌ በሌሊት የሚነሱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፣ ሌላው የትራንዚት መንገደኞች መገናኛ ሰዓት መሆኑ ሳይዘነጋ።

መፍትሔው ክብደት መቀነስ ነው፤ የሚቀነሰው ደግሞ ወይ መንገደኛና ጭነት ነው ወይ ነዳጅ። ቦይንግ 787-9 በሙሉ ክብደቱ 254 ቶን ይመዝናል፤ በሰዓት ከ5 ቶን በላይ ነዳጅ የሚያቃጥል በመሆኑ ለ15 ሰዓት በረራ ከ75 ቶን በላይ ነዳጅ፣ ከዚያም በላይ የመጠባበቂያ ነዳጅ ይፈልጋል። ወንበሮቹን ባዶ አድርጎ መብረር ኪሳራ ስለሆነ፣ ነዳጁን ቀንሶ መሐል ላይ ማረፍ ይመረጣል። ደለስ ኤርፖርት ግን ከባሕር ወለል መቶ ሜትር እንኳ የማይሞላ ከፍታ ላይ ነው፤ በዚያ አውሮፕላኑ ሞልቶ ይነሳል፣ ቦሌ ሲደርስም ነዳጁን አቃጥሎ ቀሎ ስለሚያርፍ ከፍታው አያስቸግረውም።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ወገን ክርክር ባዶ አይደለም። ማረፍን የግድ የሚያደርገው ከፍታው ሲሆን፣ *የት* እንደሚታረፍ የሚወስነው ግን ንግዱ ጭምር ነው። ደብሊን ከቀጥታው መስመር ብዙም አትወጣም፤ በዚያ በኩል ማለፍ የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሎሜ በኩል ግን ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ትርፍ መንገድ አለ። ቶጎ ላይ የሚታረፈው የነዳጅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምርጫው አያዋጣም ነበር። ሎሜ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስትራቴጂያዊ አጋር የሆነው አስካይ የተባለው አየር መንገድ ማዕከል በመሆኗ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሚሄደው መንገደኛ እዚያው ይሳፈራል። የባሕር ዳሩ መንገደኛ እዚያ የሚቆይበት ሰዓት የነዳጅም የገበያም ዋጋ ነው ማለት ይቻላል።

ነፋሱ የሚሰጠውና የሚወስደው

ማረፉ ብቻውን የአራት ሰዓቱን ልዩነት አይሞላም። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተለይ ከሰሜን አፍሪካ ወደ ሰሜን ባለው ቀበሌ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ የአየር ጅረት አለ፤ «ጄት ስትሪም» ይባላል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር መሆኑ የተለመደ ሲሆን፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው የሰሜኑ ክረምት ይበረታል።

ለምሳሌ የአትላንቲኩን ክፍል 5,500 ኪሎ ሜትር ብንለውና አውሮፕላኑ ነፋስ በሌለበት አየር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበርር፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የፊት ነፋስ ሲገጥመው በምድር ላይ የሚራመደው 800 ብቻ ነው፤ ያንን ክፍል በ6 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይጨርሳል። ሲመለስ ያው ነፋስ ከኋላ ይገፋዋልና በ1,000 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ5 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይሻገራል። በአንድ ውቅያኖስ ላይ ብቻ ከአንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ልዩነት መጣ ማለት ነው። በሰሜን አትላንቲክ ላይ የሚበሩ አውሮፕላኖች መስመራቸው በቀን ሁለት ጊዜ እንደ ነፋሱ ሁኔታ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትናንት የበረረ ሰው ያለፈበትን መንገድ ዛሬ የሚበርረው ላያየው ይችላል።

በዚህ ላይ በሰፊው የሚነገር የተሳሳተ ማብራሪያ አለ። ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚበርር አውሮፕላን መድረሻው ራሱ እየመጣለት ቶሎ መድረስ አለበት የሚል ነው። ከባቢ አየሩ ግን ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፣ አውሮፕላኑም የሚበርረው በዚያ አየር ውስጥ ነው፤ መድረሻው ከሥሩ እየተንሸራተተ አይመጣለትም። የምድር መሽከርከር ተጽዕኖ የሚታየው ነፋሶቹን ወደ ምሥራቅ በማጠፍ ነው፤ ውጤቱም ከሚባለው ተቃራኒ ነው፣ ወደ ምዕራብ መብረር ይረዝማል።

ዝግ ሰማይ

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት የአገሪቱ ሰማይ ለአላፊ በረራዎች በአብዛኛው ዝግ ሆኖ ቆይቷል። ቀጥታው መስመር ከኢትዮጵያ እንደወጣ የሚገባው ሱዳን በመሆኑ አውሮፕላኖች ዞረው ለማለፍ ይገደዳሉ፤ የዞረ በረራ ተጨማሪ ደቂቃ፣ ተጨማሪ ነዳጅ፣ ስለዚህም ከቦሌ ሲነሳ ተጨማሪ ክብደት ማለት ነው። የርቀት ማስያ ገጾች ይህን አያውቁትም፤ የሚያውቁት ሁለት ነጥቦችን ብቻ ነው።

ቲኬቱን ማንበብ

ለመንገደኛውና ለቤተሰቡ ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ስሕተት የሚፈጠረው ግን ሰማይ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ነው።

ቲኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻው ሰዓት በመድረሻው አገር አቆጣጠር ይጻፋል። ዋሽንግተን ከኢትዮጵያ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ከመጋቢት መግቢያ አካባቢ እስከ ጥቅምት ማብቂያ አካባቢ አሜሪካውያን ሰዓታቸውን በአንድ ስለሚያስቀድሙ ልዩነቱ 7 ይሆናል። ለምሳሌ በሐምሌ ወር ሰኞ 22:30 ከቦሌ የሚነሳና 17 ሰዓት የሚፈጅ በረራ ዋሽንግተን የሚገባው ማክሰኞ 8:30 ነው። ሲቀናነስ 10 ሰዓት ይመስላል፤ 7 ሲደመርበት እውነተኛው 17 ይወጣል። ሲመለስ ማክሰኞ 11:00 ተነስቶ 13 ሰዓት ቢበርር አዲስ አበባ የሚገባው ረቡዕ 7:00 ነው፤ ሲቀናነስ 20 ይመስላል፣ 7 ሲቀነስለት 13 ይሆናል። ስለዚህ አጭር የሚመስለው ጉዞ ረጅሙ፣ ረጅም የሚመስለው ደግሞ አጭሩ ነው።

በዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ይታከላል። ቲኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት ስልት ስለሆነ 22:30 በእኛ ከምሽቱ 4:30፣ 7:00 ደግሞ ከጠዋቱ 1:00 ነው። አደገኛው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ቲኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ቢል፣ በአሜሪካና በአውሮፓ አቆጣጠር ቀኑ በእኩለ ሌሊት ስለተለወጠ ነው እንጂ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ማክሰኞ የሚለውን ብቻ አይቶ ማክሰኞ ጠዋት ከባሕር ዳር የሚነሳ ሰው በረራው አልፎ ይደርሳል። ቲኬቱን በስልክ ለወላጆቹ የሚያነብ ልጅ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን «ሰኞ ማታ ቦሌ መገኘት አለባችሁ» ብሎ ማስረዳት ይኖርበታል።

ቢሾፍቱ ምን ይለውጣል?

የቢሾፍቱ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ከቦሌ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ማለቱ አየሩን በ4 በመቶ ያህል ያወፍረዋል። የእያንዳንዱ አውሮፕላን ስሌት የተለየ ቢሆንም፣ ከ250 ቶን ላይ አራት በመቶ 10 ቶን ያህል ነው፤ ይህም ከመቶ መንገደኞች ከነሻንጣቸው ወይም ከሁለት ሰዓት ገደማ ነዳጅ ጋር ይስተካከላል። አዳዲስ አውሮፕላኖችም ይረዳሉ፤ አየር መንገዱ በ2017 ዓ.ም. የተረከበው ኤ350-1000 በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ሳያርፉ ወደ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ መብረር ከአሁኑ የቀለለ እንደሚሆን መጠበቅ ምክንያታዊ ነው።

ነገር ግን ሳይታረፍ ቢበረርም የመሄጃው ጉዞ ከመመለሻው ጋር አይስተካከልም። አሁን ካለው የአራት ሰዓት ልዩነት ግማሹን ያህል የሚወስደው ማረፉ ነው፤ የቀረው የነፋሱ ስለሆነ የመሄጃው በረራ 15 ሰዓት ገደማ ይሆናል እንጂ 13 አይሆንም። «13 ሰዓት ሊሆን ነው» የሚለው ወሬ የመመለሻውን ቁጥር ለመሄጃው የሰጠ ነው። የምዕራብ አፍሪካ ገበያም እስካለ ድረስ በሎሜ በኩል የሚሄዱ በረራዎች ይቀራሉ ብሎ መደምደም አይቻልም።

ለጎጃም መንገደኛ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ሌላ ጥያቄ ነው። ዓለም አቀፉ በረራ ወደ ቢሾፍቱ ሄዶ የአገር ውስጡ ቦሌ ከቀረ፣ ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ቦሌ ወርዶ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ወይም በባቡር ሄዶ እንደገና ቼክ ኢን ማድረግ ይኖርበታል። ዛሬ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚያልቀው ዝውውር በመጠባበቂያው ጊዜ ጭምር ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ሊጨምር ይችላል፤ ይህም ሳያርፉ በመብረር የሚተርፈውን ሁለት ሰዓት መልሶ ይበላዋል። ይህ እንዳይሆን የባሕር ዳሩ በረራ ቢያንስ በከፊል ቢሾፍቱ ድረስ መሄድ፣ ሻንጣም ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን በአንድ መለያ መላክ መቻል አለበት። የበረራ መርሐ ግብሩ ገና ባልተቆረጠበት በዚህ ጊዜ ጥያቄው ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም መቅረብ ይኖርበታል።